መስታወት ሌንስን በእጅ ይዞ ማንሳት፦ ጓሳ፣ አንኮበርና ጣርማ በር ለሚወጡ

መንዝ ያለው ጓሳ ላይ ጭላዳ ፎቶ ለማንሳት የወጣ ሰው ሁለት ነገር ይፈትነዋል። አንዱ ርቀቱ ነው፣ ሌላው የራሱ ትንፋሽ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው እንኳ ዳገቱ ላይ ቁና ቁና ይተነፍሳል። እዚያ ላይ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ቴሌ ሌንስና ትራይፖድ ተሸክሞ መንጋ መከተል የሚችል ካለ እሰየው። ለሌሎቻችን ፎካል ሌንግዙ (ሩቁን የሚያቀርብበት ልክ) 500 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጃኬት ኪስ ውስጥ የሚገባ ሌንስ አለ። መስታወት ሌንስ ይባላል።

ብዙ ሰው ይህን ሌንስ በርካሽ ይገዛና በሳምንቱ መልሶ ይሸጠዋል። ፎቶው ብዥ አለ፣ ከኋላው ቀለበት ቀለበት ሞላበት፣ ፎከሱ እምቢ አለ፣ ይላል። የሚለው ሁሉ እውነት ነው። ግን አብዛኛው የሚመጣው ሌንሱን እንደ ሌላው ሌንስ ስለሚይዙት ነው። በቂ ፀሐይ፣ የተረጋጋ አቋምና በደንብ የተመረጠ ባክግራውንድ ካገኘ ግን ጥሩ ፎቶ ያወጣል። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ፀሐይ አያንሰውም።

አሠራሩን ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። ብርሃኑ ከፊት ይገባል፣ ከኋላ ያለው መሐሉ የተበሳ ጎድጓዳ መስታወት ወደፊት ይመልሰዋል፣ የፊተኛው ብርጭቆ መሐል ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት ደግሞ እንደገና ወደ ኋላ ትልከዋለች፣ ከዚያ በቀዳዳው አልፎ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። መንገዱ ስለታጠፈ ሌንሱ አጠረ፣ ብዙ ብርጭቆ ስለሌለው ደግሞ ቀለለ። ሶቪየታዊው የኦፕቲክስ ባለሙያ ዲሚትሪ ማክሱቶቭ በ1941 እ.ኤ.አ. ለቴሌስኮፕ ያወጣው ንድፍ ከዚህ ቤተሰብ ነው። ኤምቲኦ የሚባሉት ከባድ የሩስያ ሌንሶች የመጡት ከእሱ ነው፣ ዛሬም ያገለገለ ዕቃ ገበያ ውስጥ ይዞራሉ።

ከአሠራሩ የሚመጣው ትልቁ ነገር አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት፣ የማይቀየር መሆኑ ነው። ኤፍ 8 ከሆነ ኤፍ 8 ነው፣ ማጥበብም ማስፋትም የለም። ያውም ትንሿ መስታወት መሐሉን ስለምትጋርደው በተግባር የሚገባው ብርሃን ከተጻፈው ግማሽ ስቶፕ ያህል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በእጥፍ የሚለዋወጥበት ልክ ነው) ያንሳል፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም በላይ። ካሜራው ራሱ ስለሚለካው አትጨነቁ፣ ብቻ ከጓደኛችሁ ሌንስ ጋር ቁጥር እያወዳደራችሁ አትናደዱ። በጎ ጎኑ መስታወት ቀለም አይበትንም። ርካሽ ቴሌ ላይ በቅርንጫፍ ጠርዝ የሚወጣው ሐምራዊና አረንጓዴ መስመር እዚህ የለም ማለት ይቻላል።

የትኛውን ልግዛ ለሚል፦ በእጅ ለማንሳት ከሆነ 1000 ሚሊ ሜትሩን እርሱት። 500 ሚሊ ሜትር ኤፍ 8 የተለመደው ነው። ኒኮን በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፍሌክስ-ኒኮር 500 ክብደቱ 840 ግራም ነው። የታምሮን ኤስፒ 500 ከ600 ግራም በታች ነው፣ እስከ 1.7 ሜትር ድረስ ቀርቦ ፎከስ ያደርጋል፣ ማያያዣው ስለሚቀያየር ለብዙ ዓይነት ካሜራ ይሆናል። ሚኖልታ 500 ለየት ይላል፣ አውቶፎከስ አለው፣ በኋላም ሶኒ በራሱ ስም ሸጦታል። ሚኖልታ ወይም ሶኒ ኤ-ማውንት ካሜራ ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ። ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለውን ትንሽ ሴንሰር ያለው ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ የቶኪናን 300 ሚሊ ሜትር ኤፍ 6.3 ይፈልግ። 300 ግራም አይሞላም፣ የሚያሳየው ስፋት ግን ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የድሮውን ፊልም ያህል የሆነ ካሜራ) ላይ በ600 ሚሊ ሜትር የሚታየውን ያህል ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ለጀማሪ 300ውን እመክራለሁ። 500 ላይ ዕቃውን ክፈፉ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ወፏ ቅርንጫፍ ላይ እንዳለች በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ በካሜራው ስትፈልጓት ግን ቅጠል ብቻ።

ከመውጣታችሁ በፊት ካሜራውን ቤት ሆናችሁ አዘጋጁ። አብዛኞቹ መስታወት ሌንሶች ከካሜራው ጋር አይነጋገሩም። ስለዚህ ሜኑ ውስጥ ግቡና ሌንስ ባይገጠምም እንዲያነሳ የሚፈቅደውን ምርጫ ክፈቱ፣ ካልሆነ ቁልፉን ብትጫኑትም ዝም ይላችኋል። ካሜራው ውስጡ የንዝረት ማረጋጊያ ካለው ፎካል ሌንግዙን በእጃችሁ ንገሩት። ሌንሱ 500 ከሆነ 500 ብላችሁ አስገቡ፣ ሴንሰሩ ትንሽ ነው ብላችሁ አታባዙት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባለፈው የገባው 50 ሚሊ ሜትር እዚያው ከቀረ ማረጋጊያው ለ50 በሚበቃው ልክ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ እናንተም ማረጋጊያው ተበላሸ ብላችሁ ታዝናላችሁ።

ሹተር ስፒድ (ሴንሰሩ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ላይ አትደራደሩ። የድሮው ደንብ ከፎካል ሌንግዙ አትውረድ ይላል፣ 500 ከሆነ 1/500 ሰከንድ ማለት ነው። ትንሽ ሴንሰር ላይ ደግሞ 1/750ም 1/1000ም ይሆናል። እኔ ማረጋጊያ ቢኖርም ከ1/1000 መውረድ አልወድም። ማረጋጊያው የናንተን እጅ ያረጋጋል እንጂ ሣር የሚነጭ ጭላዳ ጭንቅላት አያስቆምም።

ታዲያ ብርሃኑ ይበቃል ወይ? ሒሳቡን እንሥራው። ደማቅ ፀሐይ ላይ ኤፍ 16፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ 1/100 የሚለውን የፊልም ዘመን ደንብ ብትወስዱ ኤፍ 8 ላይ 1/400 ይሰጣችኋል። መስታወቱ የሚበላውን ስትቀንሱ 1/250 እና 1/300 መሐል ትወርዳላችሁ። አይኤስኦን 400 ስታደርጉት 1/1000 ላይ ደረሳችሁ። 400 ለዛሬ ካሜራ ምንም ማለት አይደለም። ስስ ደመና ሲመጣ 800 እና 1600 ላይ ትሠራላችሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ግን ሌንሱን ወደ ቦርሳው መልሱትና ሻይ ጠጡ። ጉሙ ብርሃኑን ብቻ ሳይሆን ሌንሱ ከመጀመሪያውም የሚያንሰውን ኮንትራስት ይጨርሰዋል። ቀላሉ አካሄድ ሞዱን ማኑዋል፣ ሹተሩን 1/1000፣ አይኤስኦውን አውቶ አድርጎ ጣሪያውን 3200 ላይ መዝጋት ነው። ከዚያ በኋላ እጃችሁ የሚነካው የፎከስ ቀለበቱን ብቻ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ይበቃችኋል።

ሰዓቱንም ምረጡ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ጠዋት ወርቅ ነው፣ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት። አየሩ ጥርት ይላል፣ ጭላዳዎቹም ሌሊት ካደሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ አፋፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ፊታቸው ላይ ብርሃን ይወድቃል፣ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ5 ሰዓት በኋላ መሬቱ ይግልና አየሩ መርገብገብ ይጀምራል። የጀማ ሸለቆን ከአፋፍ ላይ ሆናችሁ በ500 ሚሊ ሜትር ወደ ማዶ ብታነሱ የዚያን ጊዜ የምታገኙት ቤት ሳይሆን የሚቀልጥ ቤት ነው። ሌንስ ብትቀይሩ፣ ትራይፖድ ብትተክሉ አይስተካከልም፣ አየሩ ነው። በዚያ ሰዓት የቅርብ ነገር አንሱ፣ ወይም እረፉ።

ሌንሱ ከሞቀ መኪና ወጥቶ ብርድ ሲነካው ወዲያው አያስተካክልም። ውስጡ ያለው አየር ከውጪው ጋር እስኪመሳሰል ጥቂት ደቂቃ ስጡት። ዋናው ማስጠንቀቂያ ግን ስለ ፀሐይ ነው። ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ አታስቀምጡት፣ በዲኤስኤልአር ቪውፋይንደርም ፀሐይን በፍጹም አትዩ። ይህ ሌንስ ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው፣ ዓይንም ሴንሰርም ያቃጥላል። ቁጭ ስትሉ ክዳኑን ክደኑ።

አሁን ወደ አያያዙ እንምጣ፣ ወሳኙ ይሄ ነው። ሌንሱ ቀላል መሆኑ እግራችሁን ያሳርፋል፣ ለእጃችሁ ግን ፈተና ነው። ከባድ ሌንስ በክብደቱ በራሱ ይረጋጋል፣ ቀላሉ ግን የልብ ምታችሁን ሳይቀር ያሳያል። ስለዚህ ግራ መዳፋችሁን ገልብጡና ከሥሩ አስገቡት። የመዳፉ ግርጌ የካሜራውን ሥር ይሸከም፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት የፎከስ ቀለበቱ ላይ ይረፉ። ሁለቱን ክርኖች ጎድናችሁ ላይ አጣብቁ። ቪውፋይንደሩን ቅንድባችሁ ላይ ጫን አድርጉት፣ ሦስተኛ ድጋፍ ይሆናችኋል። እጅ ዘርግቶ ስክሪን እያዩ ማንሳት በዚህ ሌንስ ጊዜ ማባከን ነው። ቪውፋይንደር የሌለው ካሜራ ከያዛችሁ ማንገቻውን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ እስኪወጠር ድረስ ወደፊት ግፉት፣ የውጥረቱ ጉልበት ይይዘዋል።

ዳገት ጨርሳችሁ ወዲያው አታንሱ፣ ትንፋሻችሁ ይመለስ። ከዚያ አየር ሳቡ፣ ግማሹን አውጡ፣ እዚያ ላይ ቆም ብላችሁ ቁልፉን በቀስታ ጫኑ። አንድ ብቻ አታንሱ፣ ሦስት አራት አከታትሉ። የመጀመሪያው ጣታችሁ ሲጫን የሚፈጥረውን ንቅናቄ ይወስዳል፣ ከኋላው ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የተሻሉ ናቸው።

መቀመጥ ከተቻለ ተቀመጡ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ክርናችሁን ከጉልበት አጥንቱ ወደ ውስጥ ባለው ሥጋ ላይ አሳርፉ፣ አጥንት በአጥንት ላይ ይንሸራተታል። ድንጋይ ካገኛችሁ ጋቢያችሁን ወይም ባና አጥፋችሁ ከላይ አድርጉና ካሜራውን አስተኙበት። ዱላም አለ። መንዝ ውስጥ ዱላ የሌለው መንገደኛ አይታጣ ይሆናል፣ ግን አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ዱላ የመያዙ ነገር የተረጋገጠ ነው። በትሕትና ተዋሱት፣ መሬት ላይ ትከሉት፣ በሚመቻችሁ ከፍታ ላይ በግራ እጃችሁ ጨብጡት፣ ሌንሱን በጭብጣችሁ ላይ አሳርፉት። ገንዘብ ከፍላችሁ ከምትገዙት ሞኖፖድ የሚለየው መልኩ ብቻ ነው። ነፋስ ካለ ደግሞ፣ ጣርማ በር ላይ መቼ ይጠፋል፣ ጀርባችሁን ስጡት፣ ጎንና ጎናችሁ የሚውለበለብ ልብስ ካለ ሰብስቡ።

ፎከስ ላይ ሰው የሚሸነፈው ቀጭንነቱን ስለማይገምተው ነው። በ500 ሚሊ ሜትር ኤፍ 8 ፉል ፍሬም ላይ 10 ሜትር ርቆ ያለ እንስሳ ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 20 ሜትር ላይ ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የትልቁን ወንድ ጭላዳ አፍንጫ ይዛችሁ የትከሻውን ጎፈር ልታጡት ትችላላችሁ ማለት ነው። ዓይኑን ያዙ፣ ሌላው የራሱ ጉዳይ።

ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ካላችሁ ምስሉን የማጉላቱን ሥራ በቀኝ አውራ ጣታችሁ አጠገብ ላለ ቁልፍ ስጡት። አጉሉ፣ ዓይኑ ላይ አስተካክሉ፣ ወደ ሙሉው ተመለሱ፣ አንሱ። በቀለም ጠርዝ የሚያሳየው ፒኪንግ ይረዳል፣ ግን በዚህ ሌንስ አትመኑት። ኮንትራስቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አንዳንዴ አይበራም፣ ጓሳ ሣር ላይ ደግሞ ሁሉም ቦታ ይበራል። ቀለበቱን አንዴ ካለፋችሁት በኋላ መልሱት፣ እንደገና አሳልፉት፣ በሁለቱ ብዥታዎች መሐል ያለውን ቦታ እጃችሁ ይለምደዋል። እንስሳው ቅርብ ከሆነ ግን ቀለበቱን ተዉትና በወገባችሁ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ በተከታታይ አንሱ፣ አንዱ ይገባል።

ጭላዳ ለዚህ የተመቸ ነው። ቁጭ ብሎ ሣር እየነጨ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው፣ አቅጣጫው ይታወቃል። ቀድማችሁ የሚደርስበትን ሣር ፎከስ አድርጉና ጠብቁት፣ ራሱ ይገባላችኋል። የሚበር ጥንብ አንሳ ላይም ያው ነው። ከገደሉ ሥር በሚነሳው አየር እየተንሳፈፈ አፋፉን ተከትሎ ይመላለሳል፣ ስለዚህ ባለፈው ያለፈበትን ርቀት ይዛችሁ ጠብቁ፣ ሲመጣ ከወገባችሁ እየዞራችሁ ተከተሉት። ሌላ ልብ የምትሉት ነገር፦ ብዙዎቹ መስታወት ሌንሶች ቀለበታቸው ከመጨረሻው ርቀት ያልፋል፣ ሙቀትና ብርድ ሲለዋወጥ እንዲያካክስ ተብሎ ነው። ማዶ ተራራ ለማንሳት እስኪቆም ድረስ ካዞራችሁት አልፋችሁታል።

ባክግራውንዱ ጋ ደረስን። የመስታወት ሌንስ ትልቁ ሐሜት ዶናቱ ነው። ከፎከስ ውጪ ያለ ብልጭ የሚል ነጥብ ሁሉ መሐሉ ባዶ ቀለበት ይሆናል፣ ቀጭን መስመር ሁሉ ደግሞ ሁለት መስመር። ጤዛ የያዘ ሣር፣ ቅጠሉ መሐል ሰማይ የሚያሳይ ጽድ፣ ፀሐይ ያረፈበት ውኃ፣ እነዚህ ፎቶውን ይበጠብጡታል። የጓሳ ሣር በራሱ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ከእንስሳው ሁለት ሦስት ሜትር ከኋላ ካለ እንደ ተበጠሰ ክር ይደራረባል። መድኃኒቱ ከእንስሳው በስተኋላ ያለውን ማየት ነው፣ ከእንስሳው በፊት። ጥላ የያዘ ገደል፣ ሩቅ ያለ ሰማያዊ ሸንተረር፣ የታረሰ ማሳ ፈልጉ። ጭላዳው አፋፉ ላይ ሲቀመጥ ከኋላው ያለው ሸለቆ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፣ የዚያን ጊዜ አንድም ቀለበት አታዩም። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ መሄድ፣ ወይም ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ ከማንኛውም የሌንስ ዋጋ የበለጠ ይሠራል። አንዳንዱ ቀለበቱን ወድዶ ሆን ብሎ ይፈልገዋል። እኔ አልወደውም፣ ግን አልከለክልም።

ስለ ርቀት አንድ ሁለት ነገር። ጓሳ ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት የጠበቀው ቦታ ነው። ቴሌ የያዛችሁት ላለመጠጋት ነው፣ ስለዚህ አትጠጉ። በተለይ ቀይ ቀበሮ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። አይጥ ሲያደባ ካያችሁት ቁጭ በሉና ዝም በሉ፣ ከተከተላችሁት አደኑን ታበላሹበታላችሁ። አንኮበር አካባቢ ገደል አፋፍ ላይ በ1979 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተመዘገበች፣ በአንኮበር ስም የምትጠራ ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ለእሷ 500ውም ያንሳል፣ ግን ድንጋይ መስላችሁ ከተቀመጣችሁ ራሷ የምትቀርብበት ጊዜ አለ።

ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ከሩቅ ሆኖ ሳይታወቅ ማንሳት ስለተቻለ ብቻ አይነሳም። ማሳ ላይ ያሉ አዛውንት ካያችሁ ሄዳችሁ «እንደምን አደሩ አባባ፣ ሥራዎን ሲሠሩ ፎቶ ላንሳዎት?» በሉ። እሺ ካሉ በኋላ ርቃችሁ አንሱ። ሥራቸው ላይ ሲመለሱ ረስተዋችሁ ይሠራሉ፣ ፎቶውም ያኔ ነው የሚያምረው። ስትጨርሱ አሳዩዋቸው።

ቤት ስትገቡ ፎቶው አመድማ መስሎ ቢታያችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያውኑ በሮው (ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ ቤት ኮንትራስቱን ከፍ፣ ጥቁሩን ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ጥርትነቱን በመጠኑ ጨምሩ። መሐሉ ደመቅ ጠርዙ ጨለም ካለ የጠርዝ ማስተካከያውን ተጠቀሙ። ከመጀመሪያው ብዥ ያለውን ግን ሶፍትዌር አያድነውም፣ ሰርዙት።

ያገለገለ ስትገዙ እነዚህን እዩ። በስልክ መብራት ውስጡን አብሩ፦ መስታወቱ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ወይም የጠቆረ ንጣፍ ካለ ተዉት፣ ከፍቶ ማጽዳት ንጣፉን ይዞ ይሄዳል። ፊተኛው ብርጭቆ ላይ ያለ አንድ ቀጭን ጭረት ብዙም አይጎዳም፣ ለዋጋ መቀነሻ ግን ጥሩ ምክንያት ነው። ከኋላ የምትገባ ትንሽ ፊልተር ያለችው ሌንስ ከሆነ መኖሯን አረጋግጡ፣ ብዙዎቹ እሷን ታሳቢ አድርገው ስለተሠሩ ስትጠፋ ፎከሱም ጥራቱም ይዛባል። የፎከስ ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር ሳይነካከስ ይዙር። በመጨረሻ ከሱቁ በር ላይ ሆናችሁ ሩቅ ያለ የበራ አምፖል ክፈፉ መሐል ላይ አድርጉና ሆን ብላችሁ ከፎከስ አውጡት። የሚወጣው ቀለበት ዙሪያው እኩል ውፍረት ካለው ሌንሱ ደህና ነው። መሐሉ ያለው ጥቁር ክብ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ግን መስታወቶቹ ከቦታቸው ተንቀሳቅሰዋል፣ ወድቆም ይሆናል። በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።